የልብስ ሰፊው አንገትና የተሸካሚው አንገት

ዛሬ ሰኞ ነው፤ ደሴ ላይ ሰኞ ማለት ገበያ ነው። ከማለዳ ጀምሮ እህሉ፣ ቅቤው፣ በጉ፣ ማሰሮው በየአቅጣጫው ወደ ሰኞ ገበያ ሲጎርፍ ውሏል። በዚህ ግርግር መሃል ሁለት ሰዎችን ለይታችሁ ተመልከቱልኝ። አንደኛው ኩንታል ጤፍ ከመኪና እያወረደ ወደ መጋዘን የሚያስገባ ተሸካሚ ነው። ሁለተኛው ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ የሚውል ልብስ ሰፊ ነው፤ ከመቀስና ከጨርቅ የከበደ ነገር ሲያነሳ አይታይም። ማታ ቤቱ ሲገባ «አንገቴን ጨምድዶ ያዘኝ» የሚለው የትኛው ነው ብንባል ብዙዎቻችን ወደ ተሸካሚው እንጠቁማለን። ልብስ ሰፊው ግን ከተሸካሚው ባልተናነሰ ይታመማል። ይህ ለምን እንደሚሆን የገባው ሰው ስለ አንገት ሕመም ዋናውን ነገር ይዟል ማለት ይቻላል። ተራው የአንገት ሕመም ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ወይም ያለቀ አንገት ሕመም አይደለም። ባለበት ተገትሮ የዋለ፣ ወይም ያልለመደው ጫና በድንገት የመጣበት አንገት ነው የሚታመመው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሕክምናው ማሰር፣ መተኛትና መጠምዘዝ ሳይሆን ማንቀሳቀስና ቀስ በቀስ ማጠንከር ይሆናል። የዛሬው ዝግጅታችን ይህን ለማስረዳት ነው።

አንገታችን ሰባት ትናንሽ አጥንቶች የተደራረቡበት ምሰሶ ነው። በላዩ የተቀመጠው የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከአራት ተኩል እስከ አምስት ኪሎ ይመዝናል። አምስት ኪሎ ሽንኩርት ገዝታችሁ በፌስታል ስታንጠለጥሉት እጃችሁ ወደ ጎናችሁ ከወረደ ብዙ መንገድ ትሄዳላችሁ። ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ያዙት ብትባሉ ግን ሁለት ደቂቃ አትቆዩም፤ ሽንኩርቱ ያው ነው፣ የተለወጠው አያያዙ ነው። ጭንቅላትም እንደዚያው ነው። ቀና ስንል ክብደቱ አብዛኛው በአጥንቱ ላይ ያርፋል፤ ስናቀረቅር ከማጅራት እስከ ትከሻ የተዘረጉት ጡንቻዎች ከኋላ ሆነው ይጎትቱታል። ጡንቻ ደግሞ ሥራ አይጠላም፤ ሲኮማተርና ሲላላ ደም እንደ ልብ ይመላለስበታል። የሚያደክመው ሳይላላ መቆየት ነው። ለሰዓታት የተወጠረ ጡንቻ የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፣ ይዝላል፣ ከዚያም ያማል። ልብስ ሰፊው እጁ ሲሮጥ፣ እግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ይውላል፤ ከሰውነቱ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሳያርፍ የሚውለው አንገቱ ብቻ ነው።

ችግሩ የደሴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በዓለም ላይ 203 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የአንገት ሕመም እንደነበረባቸው ተገምቷል። ወደ እኛ ስንመጣ በጎንደር ከተማ በትምህርት ቤት መምህራን ላይ በተደረገ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአንገት ወይም የትከሻ ሕመም እንዳለባቸው ተናግረዋል። መምህር ኩንታል አይሸከምም። ደብተር ሲያርም ያቀረቅራል፣ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ክንዱን አንስቶ ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ «እንግዲያው ጥፋቱ ማቀርቀር ነዋ! ልጆቻችንንም ስልክ ላይ አታቀርቅሩ የምንለው ለዚህ አይደል?» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀጥተኛ አይደለም። በአውስትራሊያ ከአንድ ሺህ በላይ የ17 ዓመት ወጣቶች የአንገታቸው አቀማመጥ ተለክቶ፣ አንገታቸው ወደ ፊት የወጣውም ቀጥ ብለው የሚቀመጡትም ተነጻጽረው ነበር። አንገታቸው ጎበጥ ያለው ከሌሎቹ ይበልጥ ሲታመሙ አልተገኙም። ስለዚህ ልጅን ቀኑን ሙሉ «ቀጥ በል» እያሉ ማስጨነቅ ብዙም አይጠቅምም፤ ቀጥ ብሎ ተገትሮ መዋልም ያው መገተር ነው። ልጁን ከመቀመጫው ማስነሳት፣ ውሃ ቅዳ ብሎ መላክ፣ ውጭ ወጥቶ እንዲጫወት መተው ይሻላል። ለአንገት የሚበጀው አቀማመጥ ብዙ ሳይቆይ የሚለወጠው ነው።

ወደ ተሸካሚው እንመለስ፤ ክብደት ምንም አይጎዳም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ባወጣው ምክር አንድ አዋቂ ወንድ በእጁና በጉልበቱ የሚያጓጉዘው ሸክም ከ55 ኪሎ ከበለጠ በተቻለ ፍጥነት እንዲቀንስ ይላል። የእኛ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው፤ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በደቡብ አፍሪካ፣ በጋናና በቬትናም በውሃ ተሸካሚዎች ላይ የተደረገና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመ ጥናትም ውሃ መሸከም ከላይኛው የሰውነት ክፍል ሕመም ጋር እንደሚያያዝ፣ በራስ ላይ መሸከምም የአንገትን አጥንት ሊጫን እንደሚችል አመላክቷል። ኩንታሉን በሁለት ከረጢት መክፈል፣ በእጅ ጋሪ መግፋት፣ ጀርባው ላይ ለሚያዝለው ሰው አጋዥ መጨመር ሁሉ ትርጉም አለው፤ ይህንን መወሰን ያለበት ግን በአብዛኛው ተሸካሚው ሳይሆን ነጋዴው ነው። እንዲያም ሆኖ ተሸካሚው ከልብስ ሰፊው የሚሻልበት ነገር አለ። ሸክሙን ያራግፋል፣ ይመለሳል፣ ቀና ብሎ ይተነፍሳል፤ ጡንቻው ከሥራው ጋር አብሮ ጠንክሯል። በአንገት ሕመም ከሚያዙት መካከል ዓመቱን ሙሉ ሳይሸከም ኖሮ በአንድ የቤት ለውጥ ቀን ቁም ሳጥን ያነሳ ሰው ይገኝበታል።

ስለ ሕክምናው ከማውራታችን በፊት ተራ ያልሆነውን መለየት አለብን፤ እዚህ ላይ መቻኮል አይገባም። ቋንቋችን ከሁሉ አስፈሪውን በስሙ ነግሮናል፦ ማጅራት ገትር። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሽፋን ሲቆጣ ማጅራት ይገተራል። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ብርሃን መጥላት ወይም መዘባረቅ ኖሮ ሰውዬው አገጩን ወደ ደረቱ ማስጠጋት ካቃተው «ብርድ መትቶት ነው» ተብሎ የሚታደርበት ሌሊት የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። አገራችን ከሴኔጋል ተነስቶ እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። ሁለተኛው በዝግታ የሚመጣው ነው፦ ለሳምንታት እየባሰ የሚሄድ፣ ሌሊት ተኝተው እንኳን የማይለቅ ሕመም፣ አብሮም ክሳት፣ የምሽት ትኩሳትና የሌሊት ላብ። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው በሽታ ሳንባ ብቻ አይዝም፤ የጀርባና የአንገት አጥንትንም ይበላል፣ በጊዜው ከተደረሰበት ደግሞ በመድኃኒት ይድናል። ሦስተኛ፣ እጅ ሲዝል፣ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅት፣ ዕቃ ከእጅ ሲወድቅ፣ አረማመድ ሲንገዳገድ፣ ሽንት መቆጣጠር ሲያስቸግር ሕብለ ሰረሰሩ ላይ ጫና ደርሶ ሊሆን ይችላል። ደረትን አንቆ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋና ወደ ክንድ የሚወጣ ሕመም ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለበት የልብ ነው ብላችሁ ሩጡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የመኪና አደጋን አይረሳም፦ ከአደጋ ወይም ከከፍታ ከመውደቅ በኋላ አንገቱን ያመመውን ሰው ጎትታችሁ አታንሱት፣ አንገቱን አታዙሩት፤ ራሱን ባለበት ደግፋችሁ የሚረዳ ባለሙያ ጥሩ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ አብሽሩ። ያማል፣ ሌሊት ያገላብጣል፣ ዞር ብሎ ለማየት መላ ሰውነትን ማዞር ይጠይቃል፤ ግን አደገኛ አይደለም። አዲስ የጀመረው ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጣም ይቀንሳል። እውነቱን ለመናገር ብዙዎች ላይ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል፤ የማጠንከሩ ነገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከአንገት ተነስቶ ወደ ክንድና ጣት የሚወርድ፣ የሚነዝርና የሚያደነዝዝ ሕመም የነርቭ ሥር መቆጣት ምልክት ነው። ይህን ባለሙያ ማየት አለበት፤ ሆኖም አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላል።

አሁን በጣም የምሰማው ተቃውሞ ይመጣል፦ «ፊልም ተነስቻለሁኮ! ፊልሙ ዲስክ አለ ብሏል።» ይህን ቆም ብለን እንየው፤ ብዙ ሰው ያተረፈውን ገንዘብና እንቅልፉን ያጣበት ቦታ ነውና። በጃፓን 1,211 ሰዎች የአንገታቸውን ኤምአርአይ ተነሱ። እነዚህ ሰዎች ታማሚዎች አልነበሩም፤ አንገታችንን አያመንም ያሉ ጤነኞች ናቸው። በውጤቱ 87.6 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ዲስኩ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ፣ ወደ ውጭ ገፋ ብሎ ታየ። በሃያዎቹ ዕድሜ ከሚገኙት ወጣቶች እንኳን ከአስሩ ሰባቱ እንዲሁ ነበሩ። ይህ ማለት የአንገት ዲስክ መግፋት በዕድሜ እንደሚመጣ ሽበትና የፊት መስመር ያለ ነገር ነው፤ ሲያማችሁ ብትነሱ ይታያል፣ ሳያማችሁ ብትነሱም በታየ ነበር። ምርመራው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ቅድም የዘረዘርናቸው ምልክቶች ካሉ፣ አደጋ ከደረሰ፣ ክንድ እየዛለ ከሄደ ሐኪሙ ራሱ ያዘዋል። ያለዚያ ግን ፊልሙ ሕክምናውን አይለውጠውም፤ ሊጎዳም ይችላል። «አንገትህ አልቋል» የተባለ ሰው አንገቱን እንደ ተሰነጠቀ ጀበና መጠበቅ ይጀምራል፤ ዞር አይልም፣ አያነሳም፣ አይሮጥም። ያልሠራ ጡንቻ ይሰንፋል፣ የሰነፈ ጡንቻ በትንሽ ሥራ ያማል፣ ሕመሙ ደግሞ ፍርሃቱን ያረጋግጥለታል። በአንገት ላይ የሚታሰረው ለስላሳ ድጋፍም ለተራው ሕመም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

«ወጌሻ አሽቶኝ በዚያው ቀን ተሻለኝ» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በለስላሳ እጅ መታሸት፣ ሞቅ ያለ ጨርቅ፣ በጨርቅ የተቋጠረ የሞቀ ጨው የተወጠረውን ያላላል፤ ቆዳ እንዳያቃጥል ብቻ ተጠንቀቁ። የምቃወመው አንድ ነገር ነው፦ አገጭና ማጅራት ይዞ በድንገት ቀጭ እስኪል መጠምዘዝ። ወደ አንጎል ከሚወጡት ደም ሥሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶቹ ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚያልፉት። ድንገተኛ ጥምዘዛ፣ ብዙ ጊዜ ባይሆንም፣ የደም ሥሩን ግድግዳ ሰንጥቆ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ራሱን በራሱ ለሚሻል ሕመም ይህን ያህል መድፈር ተገቢ አይመስለኝም።

መርፌስ? ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት ሕመሙን አስታግሰው ለመንቀሳቀስ ይረዳሉ፤ ጨጓራ ላለበት፣ ለኩላሊት ሕመምተኛ፣ ለደም ግፊት ታካሚና ለነፍሰ ጡር ግን ባለሙያ ሳያማክሩ አይሆንም። መርፌው ከኪኒኑ የበለጠ ያድናል የሚለው እምነት አያስኬድም፤ የቫይታሚን መርፌም ቫይታሚን ላላነሰው ሰው አንገት የሚፈይደው የለም። ጠንከር ያሉትን የኦፒዮይድ (የሞርፊን ዓይነት) ማስታገሻዎች በተመለከተ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት አለ። አዲስ የወገብ ወይም የአንገት ሕመም የያዛቸው 347 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ እውነተኛውን መድኃኒት፣ ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበትን ኪኒን ወሰዱ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በሕመማቸው ልክ ልዩነት አልታየም።

እንቅስቃሴ ግን ልዩነት አሳይቷል። በፊንላንድ ለረጅም ጊዜ አንገታቸውን ያመማቸው 180 የቢሮ ሠራተኛ ሴቶች ለአንድ ዓመት በጥናት ክትትል ተደረገባቸው። የአንገትና የትከሻ ጡንቻቸውን በሚገባ ካጠነከሩት መካከል 73 ከመቶ የሚሆኑት ሕመሙ በጣም እንደቀለላቸው ወይም ጨርሶ እንደለቀቃቸው ተናገሩ። ማጠንከሪያውን ካልሠሩት መካከል እንዲህ ያሉት 21 ከመቶ ናቸው። «እነሱ ቢሮ ውስጥ ናቸው፣ እኔ ከጉሊት ብነሳ ሽንኩርቴን ማን ይጠብቅልኛል?» የምትለኝ እናት ትክክል ነች፤ ጊዜ የሌለውን ሰው ስፖርት ሥራ ማለት ምክር አይባልም። ለእሷ የሚሆነው ከዴንማርክ የመጣው ጥናት ነው። 198 ሰዎች ተመርጠው አንዱ ቡድን በቀን ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ሌላው አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ላስቲክ እየሳበ ትከሻውን አሠራ። በአሥረኛው ሳምንት የሁለት ደቂቃዎቹም ሕመም ቀንሶ ተገኘ፤ ከአሥራ ሁለት ደቂቃዎቹ እምብዛም አልተለዩም። ሁለት ደቂቃ ደንበኛ እስኪመጣ ያለ ጊዜ ነው።

ከሁሉ የምጨነቀው ግን በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና በሌሎቹ ፋብሪካዎች የስፌት መስመር ላይ ለሚውሉት ነው። ገበያ ውስጥ ያለው ልብስ ሰፊ አንድ ሱሪ በጨረሰ ቁጥር መነሳት ይችላል፤ መስመር ላይ ያለችው ልጅ ከተነሳች ከኋላዋ ያለው ሥራ ይቆማል። «እሷም ራሷን ትጠብቅ» ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሥራን በየተራ መቀያየር፣ ከፍ ዝቅ የሚል ወንበር፣ በየሰዓቱ የሁለት ደቂቃ እረፍት ወጪው ከሕመም ፈቃድ አይበልጥም ባይ ነኝ። ምርት ይቀንሳል ለሚሉ፦ አንገቷን የያዛት ሰፊ ምርቷ ቀድሞም ቀንሷል።

ስለ ሐሳብና እንቅልፍም ትንሽ ልበል። እንቅልፍ ያጣና የተጨነቀ ሰው ትከሻው ሳያውቀው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ሕመሙም ይጠናበታል፤ ይህ በጥናትም የታየ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊት የማይተኛ ሰው በየሰፈሩ አለ። አንገቱን የሚያመውን ሰው «ሐሳብ ነው» ብሎ ማጣጣል ስህተት ነው፤ ሕመሙ እውነት ነው። እንቅልፉንና ጭንቀቱንም ለጤና ባለሙያው አብሮ ቢነግር ግን ሕክምናው ይሟላለታል።

አሁን ወደ ተግባሩ። ለማስታወስ እንዲቀላችሁ ከቡናው ጋር አስሬዋለሁ፤ ለአቦል አንድ፣ ለቶና አንድ፣ ለበረካ አንድ። በአቦል፦ ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፣ ፊታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ ትከሻችሁ አዙሩ፣ መወጠር ሲሰማችሁ አንድ ትንፋሽ ቆዩ፣ ወደ ግራም እንደዚያው፤ በየአቅጣጫው አሥር ጊዜ። በቶና፦ መዳፋችሁን ግንባራችሁ ላይ አድርጉና በግንባራችሁ ግፉት፣ እጃችሁም አይልቀቅ፤ አንገት ሳይንቀሳቀስ አምስት ያህል ቁጠሩ። ከዚያ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከኋላ። መጀመሪያ በቀላሉ ነው፣ ጉልበቱን በየሳምንቱ ትጨምራላችሁ። በበረካ ተነሱ። ገበያ ላይ ዕቃ ለማሰሪያ ከሚሸጠው የጎማ ላስቲክ ረዘም ያለ ቁራጭ በሁለቱም እግራችሁ ረግጣችሁ ጫፍና ጫፉን ያዙ፤ ክርናችሁን ጥቂት አጠፍ አድርጋችሁ ሁለቱንም ክንድ ወደ ጎን እስከ ትከሻ ከፍታ አንሱ፣ በዝግታ መልሱ፤ እስኪደክማችሁ፣ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ። ስትሠሩት ትንሽ ሕመም መሰማቱ ክፋት የለውም፣ በማግስቱ ካልባሰ ቀጥሉ። ወደ ክንድ የሚነዝር ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን አቁሙና ጤና ጣቢያ ታዩ፤ ፊዚዮቴራፒስት ወዳለበት እንዲልኳችሁም ጠይቁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲያሰለጥናቸው የቆዩ ባለሙያዎች በዚሁ ክልላችን አሉ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። አሁን ባላችሁበት ፊታችሁን ወደሚያማችሁ በኩል አዙሩና ዓይናችሁ የት እንደሚደርስ ምልክት ያዙ፤ የበሩ ጉበን ይሁን፣ የጎረቤት መደብር ይሁን። ከዛሬ ቆጥራችሁ በአሥረኛው ሰኞ እዚያው ቦታ ተቀምጣችሁ ድጋሚ አዙሩት።